ግማሹን ዋጠው

«…ከዚያ መምህሯ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ‹እጮኛሽ ማለት ይሄ ነው?› አሏት። እጁን በሁለት እጃቸው ነው የጨበጡት፣ የልጄን እጅ!» የእናትየው ድምፅ ተሰበረ። መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ እንደያዙ ወደ ልጃቸው እጮኛ ዞሩ። «አይደል እንዴ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ» አለች ልጅቷ።

ከመጣች ወዲህ ይህን «አዎ» ስትል ስድስተኛ ጊዜዋ ነው። ለቅሶ ደራሾቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ «ምነው፣ ወግ ማዕረግ ሳያይ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከፔርሙስ የተቀዳው ቡና ከእጅ እጅ ዞረ።

እሷ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን፣ ከቀብሩ በኋላ ነው። እጮኛዋ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ መብራት በተበላሸ ቁጥር መላው ሰፈር የሚጠራው እሱን ስለነበር «ፊውዙ» ይሉት ነበር። በአንድ አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽቦ ሲጎትት መሰላሉ ከዳው። በዚያች ሰዓት እሷ ባሕር ማዶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጣ የዛፍ ሽበት በወረቀት ላይ ትለጥፍ ነበር። ትምህርቷ እሱው ነው፤ ደመና በማይለየው ጫካ ውስጥ ከየቅርንጫፉ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ሽበት።

«ሽበት ለማየት ባሕር መሻገር ምን አስፈለገሽ?» ይላት ነበር በስልክ። «እናቴ ራስ ላይ ሞልቶልሽ!»

ከሰባት ወር በፊት ሊጠይቃት ሄደ፤ ለዘጠኝ ቀን። የምትማርባት ከተማ ተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈች፣ ጣሪያዎቿን አረንጓዴ የወረሳቸው፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ቢሰጣ የማይደርቅባት ትንሽ ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሳያንኳኳ በበር ይገባል። እሷ ለምዳዋለች፤ ለእሱ ግን ሁሉም ነገር ብርቅ ሆነበት። ዳገቱን ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጥቶ በየመብራት ምሰሶው ሥር ይቆማል።

«ኧረ ተመልከቺ! ሽቦው ላይ ሣር በቅሏል! እዚህ አገር የእኔ ቢጤ ሥራ አይፈታም።»

«ቀስ በል፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን! ምን ሰረቅን?»

የአከራይዋን የሚርገበገብ አምፖል በካቻቢቴ ሠራላቸው። ከአሮጊቷ ጋር በእጅ ምልክት ብቻ እየተግባቡ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ግን ውስጥ ውስጡን አንድ ነገር ይቆጠቁጣታል፤ የጃኬቱ እጅጌ በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቷል፣ ሳቁም ካፌ ሙሉ ሰው ያዞራል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲያነበንብ ሰማችው። በአገሬው ቋንቋ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር በኪስ ማስታወሻው ጽፎ መጥቷል፤ ምላሱ እየተሳሰረ ደጋግሞ ይላታል፦ «እጮኛዋ ነኝ፤ ስለተንከባከባችኋት አመሰግናለሁ።» በሩ ሥር ቆማ እየሳቀች አዳመጠችው። መስማቷን ግን አልነገረችውም።

የዚያኑ ዕለት ካፌ ተቀምጠው ሳለ መምህሯ ከሁለት የክፍሏ ተማሪዎች ጋር ገቡ። አይተዋት መጡ።

«እንግዳ መጣልሽ?» አሏት።

አፏ ቀደማት። «የሩቅ ዘመዴ ነው» አለች በቋንቋቸው፣ «አገር ሊያይ መጥቶ ነው።»

እሱ ሲነሳ ወንበሩ ተንጓጓ። መዳፉን በሱሪው ጠርጎ እጁን ዘረጋ። የመጀመሪያዋን ቃል ሊያወጣ ከንፈሩ ተላቆ ነበር፤ አይታዋለች። «እጮኛ» የምትለውን ቃል ስንት ሳምንት ሲያጠና ከርሞ፣ ከእሷ አፍ አለመውጣቷን እንዴት ይስተው? ምራቁን ዋጠና፣ «ስለተንከባከባችኋት አመሰግናለሁ» አለ። ይህችን ብቻ።

መምህሯ ጨበጥ አድርገውት ወደ ሌላ ጠረጴዛ አለፉ።

በማግስቱ ጫካውን ልታሳየው ይዛው ወጣች። ደመናው ከመወፈሩ የተነሣ ከአምስት እርምጃ ወዲያ አይታይም። እሱ «ይሄስ ስሙ ማነው? ያኛውስ?» እያለ ሽበቱን በጣቱ ጫፍ ይነካል። እሷ ወቀሳውን ትጠብቃለች። መልሷን አዘጋጅታ ነበር፤ መምህሯ ለተጨማሪ አራት ዓመት ሊያስቀሯት አስበዋል፣ አግብታ ትሄድብናለች እንዳይሉ ብላ ነው። መልሱ ውሸት አልነበረም። እውነቱም ግን አልነበረም፤ እውነቱ ያ እጅጌ ነው፣ ያ ሳቅ ነው።

እሱ አልወቀሳትም። ርጥብ ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ ዙሪያውን ቃኘና፣ «እዚህስ ጥሩ ነው» አለ። «ማንም አያየንም።»

ቀልድ ይሁን ቁስል አልለየላትም። ክንዱን ያዘች። ፈተናዬ ይለፍ፣ ያኔ እውነቱን እነግረዋለሁ አለች በልቧ። ፈተናው አለፈ። ይሄማ በስልክ አይሆንም፣ ስመለስ ዓይኑን እያየሁ አለች። ሰባት ወር እንዲሁ ሄደ።

እሱ ግን አገሩ ተመልሶ ለእናቱ አሳምሮ አወራላቸው። እናትየው ደግሞ ይኸው ለመጣ ሰው ሁሉ ያወራሉ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቤቱ ገና ሳይሞላ፣ እናትየው ወጥ ቤት ሲኒ ሲያለቀልቁ አጠገባቸው ቆመች።

«እማማ፣ መምህሬ እንደዚያ አላሉም።»

«ምኑን?»

ነገረቻቸው። እናትየው ማለቅለቃቸውን አላቋረጡም። አንዲት ሲኒ ብቻ መልሰው መላልሰው አጠቡ።

«ሰምቶሻል?»

«ሰምቶኛል።»

«አፍረሽበት ነው?»

የአራት ዓመቱን ነገር ልታነሣ አፏን ከፈተች። ተወችው። «አዎ። አፍሬበት ነው።»

እናትየው ሲኒዋን ደፏት። «ለእኔ ያን ሁሉ አሳምሮ ያወራው አንቺን እንዳልቀየም ብሎ ነዋ!» አሉ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ምነው እሱ እያለ በነገርሽኝ! እሱ ቢኖር ሁለታችሁንም ጆሯችሁን ቆንጥጬ አስታርቃችሁ ነበር። አሁን ከማን ጋር ላስታርቅሽ?»

ከውጭ የሰው ድምፅ ስለተሰማ ሁለቱም እጃቸውን ጠርገው ወጡ።

የመጡት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። መሰላሉን ሲይዝለት የነበረው ሰው እንኳ አብሮ መጥቶ፣ በር አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ቡና ተቀዳ። እናትየው እንደ ወትሯቸው ስለ ጉዞው ጀመሩ፤ ደመናው በበር እንደሚገባ፣ ልብስ እንደማይደርቅ። ካፌው ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ።

«መምህሯ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ ይለን አልነበር?» አለ ፎርማኑ ሊያግዛቸው ፈልጎ።

እናትየው ወደ እሷ አልዞሩም። «አይደል?» አላሉም። በሩን ብቻ ያያሉ።

ልጅቷ ሲኒዋን እንደያዘች ጀመረች። «ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲለማመድ ሰማሁት» አለች። ሁሉንም ተናገረች፤ የሩቅ ዘመዴ ማለቷን፣ ከንፈሩን፣ የዋጣትን ግማሽ። ፎርማኑ ጫማውን ያያል። ጨርሳ ዝም ስትል፣ በሲኒዋና በማስቀመጫው መካከል የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ብቻ ቀረ። እጇ ነው።

እናትየው ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ እጃቸውን ዘረጉና ማስቀመጫውን ከሥሩ ደገፉት፤ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ድረስም አልለቀቁትም።