አሥራ ሰባት ጊዜ የተሻገረ መስመር

ሱልጣን ፍሪጅ ይጠግን ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ አንድ ጠባብ ሱቅ፣ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክልና የማያርፍ ስልክ ነበረው። እጁ የተመሰገነ ነው፤ የሚያስቸግረው ራሱ ነበር። የአንዱን ፍሪጅ ፈቶ ሳይገጥም ሌላው ይደውልለታል። «አሁን መጣሁ» ይላል፤ ሲልም ከልቡ ነው። መንገድ ላይ ሳለ ሦስተኛው ይደውልና እሱንም «አሁን መጣሁ» ይለዋል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ሲቀመጥ ደግሞ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አባቱ ሀጂ ሙክታር ከወራቤ መጥተው እሱ ዘንድ ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የነገዱ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር የማድረግ አዲስ ልማድ አምጥተው ነበር። የሱልጣን ሚስት ሙንተሃ ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ግራ ዓይኔን ትንሽ ጭጋግ ነገር ይዞታል» አሉ።

«በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለ ሱልጣን። ሳምንቱ አለፈ፤ ወሩም ተከተለ።

ጥር ላይ እትዬ አባይነሽ ደወሉለት። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ዓሣ ቤት ያላቸው፣ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ፍሪዘራቸው ቆሞባቸዋል። ከቀትር በፊት እንደሚደርስ ቃል ገባላቸው፤ የደረሰው በማግስቱ ነው። ዓሣው ተበላሽቶ ተጥሎ፣ እሳቸው ፍሪዘሩን በሳሙና ሲያጥቡ አገኛቸው። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። አልተቆጡም።

«ትናንት ስንት ሥራ ነበረብህ?» አሉት።

«ብዙ ነው፣ እትዬ። ቁጥሩን እንጃ።»

«እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። ሥራህን አታውቀውም።» እጃቸውን አደራርቀው ከመሳቢያ አንድ ደብተር አወጡና ፊቱ አስቀመጡ። «ቁጭ በል። ቃል የገባኸውን ሁሉ ጻፍ። አንድም ሳታስቀር።»

ሱልጣን ጻፈ። ሃያ ስድስት ሆነ። ሲጨርስ ጭንቅላቱ ቀለል ያለው መሰለው፤ ወረቀቱን ሲያየው ደግሞ ደነገጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ከኪሱ አልተለየም። ጠዋት ሃያ ሥራ ይጽፋል፤ የሠራውን ይሰርዛል፤ የቀረውን ማታ ወደ ነገ ገጽ ያሻግራል። መሰረዝ ደስ ስለሚለው፣ ሳይጽፍ የሠራውን ሁሉ ኋላ ጽፎ ይሰርዘው ጀመር። ደንበኞቹ ግን ለውጡን አዩ፤ የተረሳ ቤት አልነበረም። እረፍት ያጣው እሱ ነው። ቀድሞ ስልኩ ብቻ ነበር የሚያባርረው፤ አሁን ደብተሩም ተጨመረበት። ቤት ገብቶ ከአባቱ ጋር ሁለት ቃል ሳይለዋወጥ ገጽ ይገልጣል።

የካቲት ውስጥ አንድ እሑድ እሱ ሲታጠብ ሙንተሃ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ሲወጣ ገልጣ ጠበቀችው።

«‹የአባባ ዓይን› የሚለውን አሥራ ሰባት ጊዜ ጽፈኸዋል» አለችው።

«ጊዜ የለኝም። እያየሽኝ አይደል እንዴ?»

«ሞተርህን ለማሳጠብ ጊዜ ነበረህ። ይኸው፣ ተሰርዟል።»

ደብተሩን ከእጇ ወሰደ። ተናድዶ ልብሱን ለብሶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። የት እንደሚሄድ ሳያስብ አሞራ ገደል ደረሰ። እትዬ አባይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የዓሣ ቤታቸውን በር እየከፈቱ ነበር።

«ፍሪዘሩን ልየው ብዬ ነው» አለ።

«ፍሪዘሩ ደህና ነው። አንተ ግን ደህና አትመስልም።»

ደብተሩን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን አንድ በአንድ እያዩ ቆዩ። ጣታቸው ያረፈው ሙንተሃ ያገኘችው መስመር ላይ ነው።

«ይሄ ሥራ አይደለም» አሉ። «‹ኮምፕረሰር መቀየር› ሥራ ነው፤ እጅህ ጀምሮ ይጨርሰዋል። ‹የአባባ ዓይን› ግን ጭንቀት ነው። ከየት ትጀምረዋለህ? እኔ ቢሮ ሳለሁ ሦስት ጊዜ የተሻገረ ጉዳይ ካለ ‹ማን ነው የፈራው?› ብዬ እጠይቅ ነበር። አንተ ምን ፈርተህ ነው?»

ሱልጣን ሐይቁ ዳር የሚጮኹትን ወፎች እያየ ነገራቸው። አያቱ፣ የአባቱ እናት፣ ዓይነ ስውር ነበሩ። ስምንት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ይዘው የሚመሯቸው አባቱ ነበሩ፤ እሱ ልጅ ሆኖ ያንን እያየ አደገ። አሁን ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ የሚባለውን ያውቀዋል። ካልሄዱ ግን ገና አልተባለም።

እትዬ አባይነሽ አላጽናኑትም። አዲስ ገጽ ገልጠው እስክሪብቶውን አቀበሉት።

«ጻፍ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አባባን ይዤ ሐኪም ቤት ሄጄ ካርድ ማውጣት።»

ጻፈ።

«ከሱ በታች ሁለት ነገር ብቻ ጨምር።»

«ሌሎቹስ፣ እትዬ? አሥራ ዘጠኝ ሥራ አለብኝ።»

«ሌሎቹ ከነገ ወዲያም ፍሪጅ ናቸው። ዛሬውኑ ደውልና ቀን ቀይርላቸው፤ ‹አሁን መጣሁ› ብለህ ከምታስጠብቃቸው ይሻላቸዋል።»

በማግስቱ አባትና ልጅ በባጃጅ ሄዱ። ካርድ አውጥተው አግዳሚ ላይ ተራ ጠበቁ። ስልኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ጮኸ። ሰባተኛው ላይ ሱልጣን አጠፋው። ከጠፋ በኋላም እጁ በየደቂቃው ወደ ኪሱ ይሄድ ነበር። ሀጂ ሙክታር መዳፋቸውን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረጉና እስኪጠሩ ድረስ አላነሱትም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ሁለቱንም ዓይኖች ረዘም ላለ ጊዜ መረመረች፤ ከዚያም ግላኮማ መሆኑን፣ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን እንደጎዳው ነገረቻቸው። ግራው ጠፍቷል፤ አይመለስም። ቀኙ ተጎድቷል፤ ነገር ግን ጠብታውን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ ካደረጉ የቀረው ብርሃን ሊጠበቅ ይችላል።

ሱልጣን አባቱ ቀድመው ከክፍሉ እስኪወጡ ጠብቆ «ኅዳር ላይ አምጥቻቸው ቢሆንስ?» ሲል ጠየቃት።

«ግራው ያኔም አይድንም ነበር» አለች። «ቀኙ ከአሁኑ ሳይሻል አይቀርም ነበር። ምን ያህል ይሻል እንደነበር ግን ልነግርህ አልችልም።»

ከግቢው ሲወጡ የአባቱን ክንድ ያዘ። እሳቸውም አልከለከሉትም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ማምጣት የነበረብኝ ያኔ ነው።»

ሀጂ ሙክታር ጥቂት እርምጃ ሄዱ። «እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አውቄዋለሁ» አሉ። «የእናቴም እንዲህ ነው የጀመረው። አንተ ‹ነገ› ባልክ ቁጥር እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ብቻህን አትሸከመው፤ ሁለታችንም ነን።»

ሱልጣን መንገዱ ዳር ቆመ። ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አባቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱለት።

ከዚያ በኋላ የዕለት ሥራው ከስድስት አይበልጥም ነበር፤ ጠብታው ከላይና ከታች ይጻፋል። ሙሉ ሰላም አገኘ ማለት አይደለም። አንዳንድ ደንበኛ ጥሎት ሄደ። ባዶ መስመር ሲያይ የሆነ ነገር የረሳ እየመሰለው ኪሶቹን የሚዳብስባቸው ቀኖች ነበሩ። ግን ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት ጀመረ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሀጂ ሙክታር ደብተሩን ሲያይ አገኙትና «አንድ የኔን ጻፍልኝ» አሉት። «ወራቤ ሄጄ ወንድሜን ማየት። ማየት ነው የምልህ፤ በስልክ ድምፁን መስማት አይደለም።»

«መቼ ይሁን?»

«ቀኑን አንተ ጻፍ።»

ሱልጣን ቅዳሜ ብሎ ጻፈና ለቅዳሜ የተቀጠሩትን ሦስት ደንበኞች ተራ በተራ ደውሎ ወደ ሰኞ አሸጋገራቸው። ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አባቱ ቀኝ ዓይናቸው ወደ ውጭ እንዲሆን በስተቀኝ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሻሸመኔን አልፈው የሃላባን መንገድ ሲይዙ ፀሐይዋ በረታች።

«ደከመዎት? ትንሽ ይተኙ» አላቸው።

«ወራቤ ስንደርስ እተኛለሁ» አሉ ሀጂ ሙክታር፤ ፊታቸውን ከመስኮቱ አልመለሱም።