የናጊ እናት ሥዕል

ሥዕሉ ላይ ያለችውን ሴት ሁሉም ረይሐና ይላታል። ትምህርት ቤት ሁላችንም ያነበብነው ልብወለድ ውስጥ፣ ራሷን ቦይ ውስጥ የምትጥለው ልጅ ናት። ሠዓሊው ማንን አስቀምጦ ሣላት ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም፤ ካይሮን ሳስስ ከርሜ ኢምባባ የሚባል ሰፈር ውስጥ አገኘኋት። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ሰፈሩም የሚያውቃት የናጊ እናት በሚል ብቻ ነው።

«ስሜ ደውለት ነው» አለችኝ፣ ልጇ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከሥዕሉ ሥር ጻፉልኝ። ባሌ እንኳ አንድ ቀን በስሜ ሳይጠራኝ ሞተ። እኔም ስሞት የናጊ እናት ሞተች ነው የሚባለው። አንድ ቦታ እንኳ ልኑር እንጂ፣ ልጄ።»

ሥዕሉ የተሰቀለበት፣ እኔም የምሠራበት ሙዚየም ማስረጃ ይፈልጋል። ያለው ማስረጃ ደግሞ ከሠዓሊው ጋር ሥዕሉ ፊት የተነሣችው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱንም ናጊ ቆልፎበታል። ናጊ ፀጉር አስተካካይ ነው። ለብቻው አግኝቼ በዘዴ ላግባባው አስቤ ነበር። አለቃዬ ዶክተር ፈህሚ ግን «እኔ እያለሁ?» ብለው አብረውኝ መጡ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል።

«የእናትህን፣ የክብርት ወይዘሮ ደውለትን ፎቶ ፈልገን ነው» አሉ ጮክ ብለው።

ማክበራቸው ነው እኮ። እዚህ ግን የሰውን እናት ስም በወንዶች ፊት መጥራት ልጇን ማዋረድ ነው! እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰውዬ ምን እንደነካቸው እንጃ። አንዱ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ «ደውለት?» ብሎ ሳቀ። ናጊ ምላጩን አስቀመጠ።

«ውጡልኝ» አለ።

የዚያኑ ዕለት ፎቶውን እሳት ውስጥ ከተተው። ሙዚየሙም ያለ ማስረጃ አንጽፍም አለ፤ አለቀ።

ይህን ልነግራት ሄድኩ። ሻይ ቀርቦልን ተቀመጥን። ለካ ናጊ ሲቆጣ ሁሉንም ነግሯታል።

«ፎቶው ይቅር» አለች። «ሱቁ ውስጥ ግን ስሜን ጠሩት አሉ። ሰዎቹ ሰሙት?»

«ሰምተዋል፣ እማማ።»

ፈገግ አለች። ናጊ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ እሷ አላየችውም።

«እስቲ አንቺም አንዴ ጥሪኝ። በጆሮዬ ልስማው።»

ናጊን አየሁት። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም።

«የናጊ እናት» አልኩ፣ «ሻይዎ እየቀዘቀዘ ነው።»

ብርጭቆውን በእጇ ዳብሳ አነሳችው።