አክስት ሎአን ማስኳን ለምን አታወልቅም?

ኧረ የኩየንን ግንባር ብታዩት! ከቅንድቧ በላይ የወጣችው ብጉር እኮ የራሷን መታወቂያ ለማውጣት ትንሽ ነው የቀራት። አንድ ብቻ ብትሆን ደግሞ ደግ ነበር፤ አገጯ ላይ አምስት፣ ጉንጮቿ ላይ ደግሞ መቁጠር ሰልችቷት የተወቻቸው አሉ። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። እና በዚህ ሁሉ ላይ የእህቷ የዲየም ሰርግ አምስት ሳምንት ቀርቶታል!

ሰርግ ብቻ ቢሆን እሺ፣ ወጥ ቤት ትደበቃለች። ግን ኩየን ሰልፉ ውስጥ ናት! ሙሽራው ሲመጣ ስድስት ጎረምሶች በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ የስጦታ ትሪ ተሸክመው በር ላይ ይደረደራሉ፤ ከሙሽሪት ወገን ደግሞ ስድስት ልጃገረዶች ረጅም ቀይ ቀሚሳቸውን ለብሰው ፊት ለፊታቸው ቆመው ትሪውን ይቀበላሉ። አፍንጫ ለአፍንጫ እኮ ነው! ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው ነው የሚያነሳው፤ ያ ፎቶ ደግሞ ሳሎን ከተሰቀለ ሙሽሮቹ ወልደው፣ ልጃቸውን እስኪድሩ አይወርድም።

«ሙቀት ነው» አለች እናቷ፣ አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ እያዞረቻት። «ዱሪያን በልተሻል። ዓይን ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።»

«አልበላሁም እማ!»

«ታዲያ ሆድሽ ውስጥ ማን ነው እሳት የሚያነደው?»

ለኩየን እናት የዓለም ምግብ ሁሉ ሁለት ነው፤ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ። ማንጎ ያሞቃል፣ ዱሪያን የሚሉት እሾሃም ፍሬማ ራሱ እሳት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የአረንጓዴ ቅጠል ጭማቂ በግድ! ኩየን ጠጣች ጠጣች፣ አፏ ሣር ሣር እስኪል ጠጣች። ብጉሮቹ ግን ጭራሽ ውሃ እንደጠገበ አበባ ፈኩ።

በዚህ መሃል ነው አክስት ሎአን የመጣችው።

አክስት ሎአን የእናቷ ታናሽ ናት። በሞተር መጣች፤ ባርኔጣ፣ ኮፍያ ያለው ረጅም ጃኬት፣ ጓንት፣ እስከ ዓይኗ የሚደርስ አበባ አበባ ያለው ማስክ። ይሄ ምንም አይገርምም! በከተማቸው በሳ ዴክ ሴት ልጅ ሞተር ላይ ከወጣች፣ ጸሐይ እንዳያጠቁራት ብላ ከዓይኗ በቀር ምኗም አይታይም። አክስትሽ ትሁን ባንክ ልትዘርፍ የመጣች፣ እስክትናገር አታውቂም።

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ» አለችና ኩየንን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ከጃኬቷ ኪስ ነጭ ብልቃጥ አወጣች። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ ባዶ ክዳን ብቻ። «ማታ ማታ ተቀቢው። የእጄ ሥራ ነው።»

«ውስጡ ምን አለው አክስቴ?»

«ዕንቁ፣ የሩዝ ውሃ፣ ጂንሰንግ። ሁሉም ተፈጥሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተጻፈበትም?»

«አንቺ ደግሞ! እናትሽ የምትሠራው የዓሣ ወጥ ላይ ተጽፎበታል?»

እውነቷን ነው፣ አለች ኩየን በልቧ። አልተጻፈበትም።

ከዚያማ ጉድ መጣ! በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ስታይ ፊቷ ተቀቅሎ እንደተላጠ እንቁላል ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያበራ! ብጉር የለ፣ ምልክት የለ። ጮኸች። እናቷ እባብ የገባ መስሏት መጥረጊያ ይዛ ሮጠች።

ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ትሪን ልታፈጥባት ቀርቶ ልትበላት ነበር። «ወንድ ይዘሻል!»

«ወንድና ብጉር ምን አገናኛቸው?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ! ታዲያ ምንሽን ነው የቀየርሽው?»

ነገረቻት። ትሪንም ሰልፉ ውስጥ ስለሆነች ገዛች። ትሪን ስትገዛ የቀሩት አራቱም ገዙ። አክስት ሎአን በደስታ ሌላ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ዕቃ አዘዘች።

እናቷ ግን መጠርጠር ጀመረች። ክሬሙን ሳይሆን ልጅቷን! «በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ስቀሻል» አለቻት ራት ላይ። «መስታወት ፊት ብቻሽን ስታወሪ ሰምቼሻለሁ። ልጁ ማን ነው?»

«የለም እማ!»

«አሃ፣ የለም? ስሙ ነው የለም?»

በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ተበላሸ። የኩየን ቤተሰብ አበባ ነው የሚያመርተው፤ አበባዎቹ ውሃ ላይ በተሠራ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ተደርድረው፣ ሰው መሃል ለመሃል በታንኳ እየሄደ ነው የሚያጠጣቸው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስታጠጣ ጸሐይዋ ጉንጯን ነካ ስታደርጋት በርበሬ የተቀባች መሰላት። ቤት ገብታ ስታይ ከአፍንጫዋ አጠገብ ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተዘርግተዋል። ክር አይደሉም፤ የደም ሥር ናቸው!

ያን ቀን ደግሞ ብልቃጡ አለቀ። ሁለት ሌሊት ሳትቀባ አደረች። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ፈነዳ! የድሮዎቹ ብጉሮች ዘመድ አዝማድ ጠርተው ተመለሱ፤ ቀይ፣ ደቃቅ፣ የሚያሳክክ፣ የሚያቃጥል።

ለአክስቷ ደወለች። «ጎሽ!» አለች አክስት ሎአን። «መርዙ እየተገፋ እየወጣ ነው! ጥሩ ምልክት ነው። አሁን ማቆም አይደለም፣ ወፈር አድርገሽ መቀባት ነው።»

ኩየን ስልኩን ዘጋችና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ቆይ ግን... ቆይ። ስትቀባ የለም፣ ብልቃጡ ሲያልቅ ጎርፍ። ይሄ መርዝ የሚሉት ነገር ብልቃጡ ማለቁን በምን ዐወቀ?

አንዴ ከጠረጠረች ደግሞ ማቆም አልቻለችም! ሁሉ ነገር ተራ በተራ ይመጣባት ጀመር። አክስት ሎአን ቤታቸው ስትመጣ ማስኳን አውልቃ ታውቃለች? ጥላ ውስጥ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ማራገቢያ ሥር? በጭራሽ! ጉንፋን ነው ትላለች። ጉንፋን ዓመቱን ሙሉ? የአያታቸው ሙት ዓመት ላይ ሁሉም ተቀምጦ ሲበላ እሷ ድርሻዋን በፌስታል ቋጥራ «ሆዴን አሞኛል» ብላ ሄደች። ሆዱን ያመመው ሰው ምግብ ቋጥሮ ይሄዳል? ፊት ያበራል የሚባል ክሬም የምትሸጥ ሴት፣ ፊቷን ያየ አንድ ደንበኛ የለም እኮ!

በማግስቱ ሰው ሁሉ ቀትር ላይ ጋደም ሲል ኩየን በብስክሌት አክስቷ ቤት ሄደች። ሳትደውል። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። አጮለቀች።

አክስት ሎአን ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ የሩዝ ማብሰያው ድስት፣ ከጎኑ ነጭ ቅባት የሞላው ትልቅ ከረጢት፣ ተጨምቀው የተጣሉ ትንንሽ የመድኃኒት ቱቦዎች ክምር። በማማሰያ ታማስላለች። ዕንቁ የለ፣ ጂንሰንግ የለ። እጇ ላይ ደግሞ እስከ ክርኗ የሚደርስ ወፍራም የላስቲክ ጓንት! ኩየን ጉንጯን ነካች። እኔ በባዶ ፊቴ የምለቀልቀውን እሷ በባዶ እጇ አትነካውም?

በሩ ሲጥ አለ። አክስቷ ዞረች።

ማስክ አልነበራትም። ጉንጯ ቀይ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የደም ሥሩ መረብ የመሰለ። አፏ ዙሪያ ደግሞ ደቃቅ ሽፍታ።

«ማን አስገባሽ?» እጇን ወደ ፊቷ ልትሰድ ስትል ጓንቱ ላይ ያለው ቅባት ትዝ አላትና አየር ላይ ቀረ።

«አክስቴ... ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ጸሐይ ነው።»

«ጸሐይ? አንቺን? ጸሐይ አንቺን የት ታውቅሽና?»

አክስት ሎአን ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ አመማት መሰለኝ ተወችው። «ይሄን ስቀባ ስምንት ዓመቴ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔም እንዳንቺ ለአንድ ሰርግ ብዬ ነው የጀመርኩት። ሳቆም ያቃጥለኛል፤ ስቀባው ይተወኛል።»

«እያወቅሽ ነው የሰጠሽኝ?»

«ለአምስት ሳምንት ብቻ ብዬ ነው። ሰርጉ ሲያልፍ ታቆሚዋለሽ ብዬ...»

«አንቺ ለምን አላቆምሽም?»

አክስቷ ወደ ድስቷ ዞረች። ኩየን ከክምሩ አንዱን ቱቦ አንስታ ወጣች፤ አክስቷም አልከለከለቻትም።

አሁን ደግሞ ለእናት መንገር አለ! «እማ፣ ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ።»

የእናቷ ፊት ዐመድ ሆነ። «ሆስፒታል? ለምን ሆስፒታል? ስንት ወርሽ ነው?»

«እማ!! ለፊቴ ነው! ለብጉር!»

እናቷ ግን አላመነችም፤ የቆዳ ክፍል የሚለውን ጽሑፍ በዓይኗ እስክታይ ክንዷን አለቀቀችም። ከዚያማ ከደስታዋ ብዛት ለጥበቃው ሁሉ ሰላምታ ሰጠች።

ዶክተር ኩክ አጭር ሴት ናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ዓይነት። ኩየን ስለ አክስቷ ድስት ያወራችላትን ሰማች፣ ቱቦውን አየች፣ ብልቃጡን አሸተተች፣ የኩየንን ጉንጭ በባትሪ አየች።

«ሙቀት ነው አይደል ዶክተር?» አለች እናት።

«ዱሪያኑ ላይ አይፍረዱበት እናቴ» አለች ዶክተሯ። «በዚህ ዕድሜ ሆርሞን ሲነሳ ቆዳ ወዙን ያበዛዋል። ወዙና የሞተው ቆዳ ቀዳዳውን ይደፍኑታል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ያብጣል። ብጉር ይሄው ነው። ቆሻሻም አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። ቱቦው ግን ስቴሮይድ ነው፤ ከሐኪም ጋር ለሌላ በሽታ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እንዲህ በድብቅ ፊት ላይ ሲቀባ ግን እብጠቱን ይደብቅና ቆዳውን ያሳሳዋል። ሲቆም ደግሞ ይብሳል። ድስቱ ውስጥ ሌላ ምን እንደገባ እኔም አላውቅም፣ የሠራችውም አታውቅም ይሆናል።»

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

«ይሄን ታቆሚያለሽ፤ ስታቆሚም እኔ እከታተልሻለሁ። ጠዋትና ማታ ለስለስ ባለ ሳሙና በእጅሽ ብቻ መታጠብ፣ አለመፈተግ። ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ ቀን ቀን የጸሐይ መከላከያ። አለማፍረጥ፣ ጠባሳ ይተዋል። ቆዳሽ ሲረጋጋ ለብጉሩ ማታ የሚቀባ ጄል አዝዝልሻለሁ፤ ለመላ ፊትሽ የአተር ፍሬ የምታህል። ለውጡን ለማየት ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ወር መታገስ ነው።»

«ሁለት ሦስት ወር! ሰርጉ እኮ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ነው!»

ዶክተሯ መነጽሯን አወረደች። «እውነቱን ልንገርሽ። ለሰርጉ አይደርስም። ያን ጊዜ ጭራሽ ቀይ ትሆኛለሽ። በሦስት ቀን አጠፋዋለሁ የሚልሽን ሰው ጠርጥሪው።»

ኩየን ብልቃጡን አየችው። አልቋል ቢባልም ጥጉ ላይ ጠርጋ ልታወጣው የምትችል ትንሽ ነበር። አክስቷ ደግሞ ሌላ አላት። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ! እንቁላል ሆና ትቆማለች፣ ፎቶው ይነሳል፣ ከዚያ ታቆማለች። ከዚያ... «ከዚያ» ያለችው አክስቷም ነበረች፤ ከስምንት ዓመት በፊት። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ትታው ተነሳች።

ለዲየም ስትነግራት እያለቀሰች ነበር። «ከሰልፉ አውጪኝ።»

ዲየም አየቻት። «የአሳማ ጥብሱን ትሪ ማን ሊይዝልኝ ነው? ጓደኛሽ ትሪን ማንኪያ ስታነሳ የምትንቀጠቀጥ ልጅ ናት። ፊትሽን ማን ፈለገው፣ ክንድሽን ነው የምፈልገው!»

የቀረው ክፉው ነበር። አምስቱ ልጆች። ኩየን በዕረፍት ሰዓት ሰብስባ፣ የአክስቷን ፊት ሳይቀር፣ ሁሉን ነገረቻቸው። ትሪን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንቺ ስለተበላሸሽ እኛም እንድንበላሽ ነው አይደል? አብረንሽ ቀይ ቲማቲም ሆነን እንድንደረደር!»

«ትሪን ሙች እውነቴን ነው!»

«ዶክተሯስ ስንት ከፈለችሽ? የራሷን ክሬም ልትሸጥልን ነው!»

ሌሎቹ ሳቁና ተከትለዋት ሄዱ። ኩየን ጉንጯ እያቃጠላት ብቻዋን ቀረች። ማቃጠሉ ከክሬሙ ይሁን ከንዴቱ መለየት አልቻለችም።

ከትምህርት በኋላ ብስክሌቷን ስትፈታ ትሪን መጥታ ከጎኗ ቆመች። ብቻዋን። ጸሐይ ላይ። የኩየንን አገጭ ያዘችና ልክ የዓሣ ዋጋ እንደምትከራከር ሴት ግራ ቀኝ እያዞረች መረመረቻት።

«ያማል?»

«ያቃጥላል።»

«ሜካፕ ነው ብዬ ነበር።» በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ጣቷን አየችው፤ ምንም አልወጣበትም። «ዶክተሯ ክሬም አትሸጥም?»

«ወረቀት ነው የምትሰጠው። ከፈለግሽው ፋርማሲ ትገዢያለሽ።»

«ከየትኛውም?»

«ከየትኛውም።»

ትሪን ይሄም አላሳመናትም፤ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። ከዚያ ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ አደረገችው። ጉንጯ ጥግ ላይ፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ ሁለት ቀጫጭን ቀይ ክሮች ተዘርግተው ነበር።

«ነገ ሆስፒታሉ ሰልፍ ሳይበዛበት በጠዋት እንሂድ» አለች። «ግን እኔ አንድም ነገር አላመንኩሽም፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ኩየን፣ እና ከኋላ እንድትቀመጥ ብስክሌቷን አዘነበለችላት።