በትህትና የተጻፈ እምቢታ

ከግብር ቢሮ የመጣውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የንግድ ፈቃድዎንና ማህተምዎን ይዘው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዲቀርቡ ይላል። ቢደጋግሙት አይለወጥ ነገር! ግማሹን ብቻ ጨርቅ ያለበስኩት ሶፋ ላይ ዘጭ አልኩ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ሶፋ ሠሪዎች ነን። እሱ እንጨቱን ይገጥማል፣ እኔ ስፖንጁን ቆርጬ ጨርቁን አለብሳለሁ። ቤቱን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ፈቃዱም ማህተሙም በእኔ ስም ነው። ወረቀት ነክ ነገር ግን ድሮም ያመኛል። ቅጽ ሳይ ራሴን ያዞረኛል። ስለዚህ የዓመቱን ገቢ ማሳወቁንና ግብሩን መክፈሉን ለእሱ ትቼለታለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ጠበቃው ነው የሚለው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፣ ግን ከእሱ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው የለም።

«ጠበቃው!» ብዬ ጮህኩ። መላጊያውን ጥሎ መጣ። «ግብሩን ከፍለሃል አይደል?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ብያለሁ! አይታይህም እንዴ?»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ግብር መክፈል እኮ በፈቃደኝነት ነው።»

ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳየው ግን እየቀለደ አይደለም። ስልኩን አወጣና ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ የሚለፈልፍበትን ቪዲዮ ከፈተልኝ። ቅጹን የምንሞላው ራሳችን ነን፣ ገቢያችንን የምናሳውቀው ራሳችን ነን፣ ግዴታ ቢሆን ኖሮ መጥተው ይወስዱ ነበር፣ ስለዚህ ያልፈለገ መተው ይችላል ይላል ሰውዬው። የገዛ ግብሩን ስለመተዉ ግን ትንፍሽ አይልም።

«ሳትከፍል ስንት ዓመት ሆነህ?»

«ሦስት።»

«የግብሩ ገንዘብስ?»

«አንድ ሳንቲም አልነካሁም! ቤት ጣሳ ውስጥ አለ። ሌባ መሰልኩሽ?» ጭራሽ እሱ ተቆጣ። ሌባ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! ሌባ ቢያንስ ያጠፋውን ያውቃል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በራችን ሲታሸግ፣ የስፌት ማሽኖቼን ሰዎች ተሸክመው ሲያወጧቸው ይታየኝ ነበር። ሃያ ዓመት ወገቤ እስኪቆረጥ የሠራሁበት ቤት ነው። ሌላ ምንም የለኝም።

ጠዋት የግብር ቢሮው ኮሪደር ላይ ተራ ይዘን ተቀመጥን። እሱ ጆሮዬ ሥር «አትፍሪ፣ እኔ እናገራለሁ» ይላል። ደግሞ ወዲያው ስለ ሚስቱ ያወራል፤ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፣ እግሯ አባብጧል። «እንዳትሰማ አደራ» አለኝ። ምን ላሰማት? እኔም ገና አልገባኝም።

የተቀበለችን መነጽር ያደረገች ደልዳላ ሴት ናት። ፋይሉን ገለጠችና «ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላሳወቁም» አለችኝ።

ጠበቃው ዘሎ ገባ። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ያለውን አንድ በአንድ ዘረገፈው። ሴትየዋ አላቋረጠችውም። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ወንድሜ፣ ራሳችሁ አስልታችሁ አሳውቁ አልን እንጂ ከፈለጋችሁ ክፈሉ አላልንም» አለች። «ሕጉ ግዴታ ነው ይላል። እንዲህ የሚሉኝ እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም፣ በዚህ ክርክር የረታ ግን እስካሁን አላየሁም።»

ከዚያ ዋናውን ግብር፣ ቅጣቱንና ወለዱን ደምራ ወረቀት ላይ አሳየችኝ። ብዙ ነው፤ ግን ሞት አይደለም። የጣሳው ገንዘብ አለ፣ አንዱን ማሽን እሸጣለሁ። ተመስገን ብዬ ልነሳ ስል «ይቆዩ» አለችና ከፋይሉ ሥር አንድ ደብዳቤ አወጣች።

«ድርጅታችን በግብር ክፍያ መሳተፍ የማይፈልግ መሆኑን በትህትና እንገልጻለን» ይላል። በትህትና! የጻፈው ሰው ከማኅበር የሚሰናበት መስሎት ይሆናል። ከሥሩ ማህተሜ አለ። ከማህተሙ አጠገብ ፊርማዬ። ጠበቃው ከእኔ አሳምሮ ነው የፈረመው።

ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱ ደም የለውም።

«የዘነጋ ሰው ቢሆን ነገሩ በቅጣቱ ያልቅ ነበር» አለች ሴትየዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ ግን አውቆ እምቢ ማለት ነው። ወደ ምርመራ ይሄዳል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። እስራትም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ልጠይቅዎ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው? ካልሆነ በስምዎ የፈረመው ሰው በማጭበርበር ይጠየቃል።»

አይደለም ብል፣ ያን ልጅ ከዚህ ወንበር አስነስተው ይወስዱታል። ሚስቱ በዚያ ሆዷ እስር ቤት ደጃፍ ስትቆም ታየኝ። ነው ብል ደግሞ ቤቴም እኔም አለቀልን። በጠረጴዛው ሥር በጉልበቴ ጎሸም አደረግኩት። ተናገር እንጂ! አልኩት በልቤ። ለጨርቅ ዋጋ ግማሽ ቀን የምትከራከር ሰውዬ፣ ለታክሲ ጥቂት ሳንቲም ጭማሪ ሾፌር የምታስለቅስ፣ ዛሬ ምን ዋጠህ? እኔ ነኝ በል፣ እኔም ከጎንህ ቆሜ እለምንልሃለሁ፣ ማሽኖቼን ሁሉ እሸጥልሃለሁ። አንዴ ብቻ በል።

እሱ ጉልበቱን ሰብስቦ ወለሉን አየ።

ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ እኔን ታየኛለች። ገብቷታል መሰለኝ። ግን እሷም ከአፌ መስማት አለባት።

«የእኔ ነው» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ጠበቃው ከጎኔ በረጅሙ ተነፈሰ። ሸክም ያወረደ ሰው ነው እንዲያ የሚተነፍሰው።

ሴትየዋ ያልኩትን ጽፋ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። «እዚህ ላይ ይፈርሙ።» ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ ብፈልግ አጣሁ።

እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ያቀበለኝ ወንድሜ ነው።