ዘጠነኛው ቃል

አባቴ ዘነበ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ሲጮህ ኖሯል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው አራት ሰው ነበር። እኔ ልጁ ሃኒ ምላሰኛ የሆንኩት ከማን ወርሼ እንደሆነ በሠፈራችን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። ማስተርሴን በንግግርና በመዋጥ ሕክምና ልማር ነው ስለው፣ "ሰው እንዲናገር ለማስተማር ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? እኔ ጋ አንድ ሳምንት ተራ ላይ ይቁም!" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ላገኘው ሰው ሁሉ "ልጄ የንግግር ዶክተር ልትሆን ነው" ይል ጀመር። ኧረ አባዬ፣ ዶክተር አይደለም ብለው ማን ይስማኝ።

ሁለተኛ ዓመት እንደገባሁ፣ ኅዳር ላይ፣ እዚያው ተራው ላይ እንደቆመ ስትሮክ መታው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል፤ አፉ ውስጥ አንድ ቃል አልቀረም። የምንለው ይገባዋል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ መናገር ብቻ የለም። ምነው ሸዋ! ከሰውነቱ ሁሉ መርጦ አፉን? ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

የባሰው ደግሞ ጉሮሮው ነበር። አስተማሪያችን ዶክተር ነአምን ቤት ድረስ መጥተው አዩት። ስስ ነገር ሲጠጣ ሆዱ መግባቱ ቀርቶ ወደ ሳንባው ይወርዳል አሉን። ትን እንኳ ስለማይለው ማንም አያውቅለትም። "ውሃ፣ ሻይ፣ መረቅ፣ ምንም ቀጭን ነገር እንዳይቀምስ። የሚጠጣው ሁሉ በማወፈሪያ ዱቄት ይወፍርና በማንኪያ ይሰጠው። አለዚያ ሳንባው ይታመምና እናጣዋለን።" እናቴ ወርቄ ሁሉንም በጥሞና ሰማች። ነጩን ዱቄት ውሃ ላይ ጨምሬ ሳማስል ግን፣ "እንዲህ ያለ ንፍጥ ለሰው ይሰጣል?" አለች። አባዬም በሦስተኛው ማንኪያ ከንፈሩን ገጠመ።

ለመመረቅ እያንዳንዳችን አንድ ታካሚ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራነውን መጻፍ አለብን። የገዛ አባትን መያዝ ደንቡ አይወደውም። ዶክተር ነአምን ግን የዚህ ሙያ ሰው በጣት የሚቆጠር መሆኑን ያውቃሉ፤ በየሁለት ወሩ ሥራዬን ሊያዩ ተስማምተው ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ የምንለማመዳቸውን አሥር ቃላት ምረጪ አሉኝ።

"ለአፍ የሚቀለውን አይደለም" አሉ። "እሱ ሊለው የሚፈልገውን አስቀድሚ። የማንን ስም መጥራት እንደሚናፍቅ እይለት።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ! ቤት ገብቼ ቃላቱን ስደረድር ግን በአፍ ቅለት ደረደርኳቸው። ውጤት ፈልጌያለሁ፤ የመመረቂያ ሥራው ፎርም ላይ "የመጀመሪያ ቃል፣ በስንተኛ ሳምንት" የሚል ሳጥን አለ። አንደኛ "ውሃ" አልኩ። ከንፈር ሞጥሞጥ፣ አፍ ከፈት፣ አለቀ። "ወርቄ" ለታመመ ምላስ ይከብዳል ብዬ ዘጠነኛ ላይ አደረግኳት። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ እኮ።

ሰባት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ መስታወት ፊቱ አቁሜ፣ ብርጭቆ ውሃ በእጄ ይዤ፣ "ው... ው..." ስል ከረምኩ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ" ብላ ታሾፍብኛለች። ከጥምቀት ማግስት ግን አባዬ ብርጭቆውን ትክ ብሎ አየውና፣ "ውሃ" አለ።

እናቴ ቢላዋውን ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤታችን እትዬ ሁሪያ ሱቃቸውን ክፍት ትተው፣ "አልሐምዱሊላህ! ተናገረ?" እያሉ ሮጠው መጡ። እኔ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። አባዬ በደህናው እጁ ገፋ አደረገኝና ብርጭቆውን አሳየኝ። "ውሃ" አለ ደግሞ። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ዱቄት በጥብጬ በማንኪያ ባቀርብለት እጄን መታው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል የለም። ሁለተኛውን ቃል ሳሳየው "ውሃ"፣ ደህና አደርክ ስለው "ውሃ"። የተራው ድምፁ ተመልሶለት ከአጥር ውጭ ይሰማል። አላፊ አግዳሚው ምን ይለን ይሆን?

"ሃኒ፣ ለተጠማ ውሃ መንፈግ ሐራም ነው" አሉኝ እትዬ ሁሪያ። "ውሻ ያጠጣ እንኳ ጀነት ገብቷል።" ስለ ሳንባው አስረዳኋቸው፤ ሰሙኝም። ግን ልቤ አልቻለም ብለው መምጣት ተዉ። እናቴ ደግሞ ጠዋት ማታ፣ "ተጠምቼ አላጠጣችሁኝም ይላል ጌታ" ማለት ሆነ ሥራዋ።

ለዶክተር ነአምን ነገርኳቸው። ዝርዝሬን ተቀብለው አዩት። "ሃኒ፣ የከለከልነውን ነገር ለምን አስቀደምሽ?" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ዝርዝሬን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ እኔ፣ ምላሰኛዋ።

አንድ ዓርብ እናቴ በጠዋት በእግሯ እንጦጦ ወጥታ በትንሽ ጀሪካን ጠበል ይዛ መጣች። ጫማዋ በቀይ ጭቃ ተለውሷል።

"እማዬ፣ እሺ ይጠጣ። ዱቄቱን ልጨምርበትና..."

"ጠበል ላይ ዱቄት? አበስኩ ገበርኩ! አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል?"

"ይሞታል!" ብዬ ጮህኩባት። "ገባሽ? ይሞታል!"

አባዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማ ነበር። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ እኔን። እናቴ ጀሪካኗን ከአልጋው ሥር ሸጎጠችና "እሺ" አለች። የእኛ ቤት እሺ።

ሰኞ ዕለት ግቢ ሄጄ የደረስኩበትን ለክፍሌ አቀረብኩ። "የመጀመሪያ ቃል፦ ውሃ፣ በሰባተኛ ሳምንት" የሚለው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ከመገናኛ በታክሲ ተመልሼ ቤት ስገባ አባዬ ተኝቷል። ፊቱ ፈታ ብሏል፤ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ርሷል። እናቴ ውጭ ልብስ ታጥባለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ጎንበስ ብዬ ጀሪካኗን አነሳኋት፤ ቀልላለች። መልሼ አስቀመጥኳት። ያን ቀን ለዶክተር ነአምን መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከታመመ ጀምሮ ተኝቶ አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አተኮሰው። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሳንባ ምች ነው አሉን። በሳምንቱ አረፈ። ተራ አስከባሪዎቹ ሁሉ ቢጫ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ቀበሩት።

የሳልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሲፈርስ እናቴ ጓዳ ጠራችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ድምፅዋ ከለቅሶው ብዛት ተዘግቷል።

"ሃኒ፣ አትዋሺኝ። ተምረሻል፣ ታውቂያለሽ። ያ ውሃ ነው የገደለው?"

አውቃለሁ። ይህንኑ ስማር ነው ሁለት ዓመት የከረምኩት። እጇን አየሁት፤ ነጠላዋን ጨምድዶ ይዟል።

"አይደለም እማዬ። በሽታው ነው። ሳንባው ከመጀመሪያውም ደክሞ ነበር።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን እንባዬ እምቢ አለኝ።

"ለምኖኝ ነው" አለች። "አንቺ የሄድሽ ዕለት። አንድ ኩባያ ግጥም አደረገ። ድገሚኝ እንደማለት ኩባያውን ዘረጋልኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ እጄን ይዞ 'ወርቄ' አለኝ።"

"ምን አለሽ?"

"'ወርቄ።' ጥርት አድርጎ ነዋ! ድሮ ከተራ ሲገባ በር ላይ ሆኖ እንደሚጠራኝ።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ፊቷ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "አንቺ ነሽ ያስተማርሽልኝ። በድንገት ልታስደስቺኝ ደብቀሽኝ ነው አይደል? እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ስሜን ጠርቶ ሄደልኝ።"

ዝርዝሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከዘጠነኛው ቃል ትይዩ ያለው ሳጥን ባዶ ነው። አንድም ቀን "ወርቄ በል አባዬ" ብዬው አላውቅም።

"አዎ እማዬ" አልኳት። "እኔ ነኝ።"