እርጥብ አንሶላ ስንት ይመዝናል?

በዚህ ላውንደሪ ውስጥ እንደ እኔ አፍ ያለው ሰው የለም። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ለሚያውቅበት ስድስትም ይበቃል። ተቆጣጣሪው እንኳ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርማ ማን ሆኖ!

እኛ ሴቶቹ «ክራባት» ነው የምንለው። ጫኝና አውራጅ ነበር፤ የተመረጠ ዕለት ክራባት አሰረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልፈታውም። ሳይተኛበት አይቀርም። እዚሁ አብራኝ የምትሠራው አክስቴም ተወዳድራው ነበር። እኛ አሥራ አራት፣ ወንዶቹ አሥራ ሦስት፤ ግን እጅ ሲቆጠር በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀች። ያን ቀን ስቄ ልሞት! እሱ የተቆጣጣሪውን አረማመድ እየሠራ ያስቃል፣ እሷ «ወገባችን፣ ወገባችን» ትላለች። እንዲህ ተብሎ ምርጫ አለ?

ወገቧስ እውነት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሆቴል አንሶላ ከነውኃው ከማሽን ስታወጣ ኖራ፣ አሁን ከወንበር ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በቀን ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት።

ማክሰኞ ክራባት ከድርድር ተመለሰና ደረቱን ነፍቶ ወረቀት ዘረጋ።

«በኅብረት ስምምነቱ መሠረት፣ ከባድ ሥራ የሚሠሩ በቀን ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ዕረፍት ያገኛሉ!»

አክስቴ ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«ከባድ ሥራ፦ ጫኝና አውራጅ። ቀላል ሥራ፦ ማጠብ፣ ማውጣት፣ መተኮስ።»

ወንዶቹ አጨበጨቡ። ከኛ ወገን አምስት ወንድ፣ ከአሠሪው ወገን ሦስት ወንድ። ስምንት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ሲከራከር ከረመ፣ ከስምንቱ እርጥብ አንሶላ የነካ አንድ የለም። ልብስ የምንመዝንበትን ሚዛን ጎትቼ መሀል አቆምኩት።

«ጋሼ ሊቀመንበር፣ ያቺን ከባዷን ጥቅል ያስቀምጧት እስቲ።»

አንዱ ጫኝ እየሳቀ የተተኮሰውን ጥቅል ጣል አደረገ። ሃያ ሁለት ኪሎ። እኔና አክስቴ ሳፋውን ከነእርጥቡ አንሶላ አወጣነው። ሠላሳ አንድ።

«ቀላሉ ይኸውልዎ!»

ክራባት ክራባቱን አስተካከለ። «የኔ ልጅ፣ የሥራ ክብደት በኪሎ ብቻ አይለካም።»

«ታዲያ በምን ነው፣ በጢም?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ግን ወረቀቱን አጠፈ። «እናንተን ከባድ ሥራ ያሠራሉ እንዳንባል ብለን ነው፣ ለክብራችሁ። ለማንኛውም ተፈርሟል፤ ሦስት ዓመት ይጸናል።»

ለክብራችን! ስንት ዓይነት ሰው አለ መሰላችሁ፤ ሸክምሽን ቀላል ነው ብሎ አከበርኩሽ የሚል።

እሱ ሄደ። ጫኞቹም ጥላ ሥር ተዘርግተው ግማሽ ሰዓታቸውን ጀመሩ። አክስቴ ወደ ማሽኑ ተመልሳ ጎንበስ አለች፣ ስታጎነብስ «እህ» አለች። እኔ ግን አፌ መች ይዘጋል።

«ይሄም መሪ ተብሎ! ከብት! እሱን ብሎ ድምፅ የሰጠ፣ ያወጣው እጅ ይቆረጥ!»

አክስቴ ቀና ሳትል የአንሶላውን ጫፍ ወረወረችልኝ።

«ተይ፣ የገዛ እጅሽን አትርገሚ። ለአንሶላው እንኳ ይሁነኝ። ያዥ!»