ዐለቱ ያቆያት ፀሐይ

ኑርዬ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ እጁን የማያውቅ የለም። ያሳፈረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከመንደሩ በላይ ያለው ዐለት። ሃያ ክንድ ወርዶ ጠብታ ውሃ አጣበት። እናም ኢንጂነር ሳጂዳ ከደሴ መጥታ «አየር የማያሾልክ ዐለት እፈልጋለሁ» ስትል፣ ሳያመነታ እየመራ እዚያው አደረሳት።

«ይኸኛው አያሾልክም፤ በእኔ ይሁን» አላት።

ዕቅዷን አስረዳችው፦ ቀን ከፀሐይ በሶላር የሚገኘው ኤሌክትሪክ መጭመቂያ ያንቀሳቅሳል፤ መጭመቂያው አየር ዐለቱ ሆድ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ሲመሽ አየሩ እየወጣ ጀኔሬተር ያዞራል። ኑርዬ ይኸን ሲሰማ ሳቁ መጣ።

«ታዲያ ፀሐይን ልትቀብሯት ነዋ!»

«ልናሳድራት ነው፣ ጋሼ ኑርዬ።»

ሠራተኞቿ ዐለቱን ፈልፍለው ቧንቧ አስገቡ፣ አፉን በሲሚንቶ ደፈኑ፤ ለሙከራም አየር ሞልተው ዘጉት። በማግስቱ የግፊት መለኪያው ወርዶ ተገኘ። «ዐለቱ ያፈሳል፤ ነገ ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን» አለች ሳጂዳ። ኑርዬ ክው አለ። በእሱ ቃል ነው የመጡት። መንደሩ መብራት አይቶ አያውቅም፤ ሚስቱ መሪማ ስንቷን እናት በኩራዝ ጭላንጭል አዋልዳለች!

«እስከ ማታ ታገሽኝ» አለና የላመ አመድ በቁና አስመጣ። ቆፋሪ ጉድጓድ ውስጥ ንፋስ ሲጠረጥር የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። በየስንጥቁ እየነሰነሰ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ትንፋሹን ይዞ አየ። ሠራተኞቹ ተሳሳቁበት፤ እሱ ግን ቀና ብሎም አላያቸው። አመዱ ንቅንቅ አላለም። ቧንቧው አንገት ላይ፣ ሲሚንቶው ጋ ሲደርስ ግን ብን ብሎ ተነሣ።

«ዐለቴን በከንቱ አማችሁት! የሚያፈሰው የእናንተው ልስን ነው!»

ሲሚንቶውን ፈንቅለው እንደ አዲስ መረጉት። ሲደርቅ ቀኑን ሙሉ አየር ሞሉ፤ መለኪያው ፍንክች አላለም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሳጂዳ መክፈቻውን አዞረች። ከእግራቸው ሥር ወፍራም ጉምጉምታ ተሰማ፤ ወዲያው ገመድ ተዘርግቶለት ይጠብቅ የነበረው መንደር ታች በአንድ ጊዜ ቦግ አለ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ኑርዬ፣ መዳፉን ዐለቱ ላይ አሳርፎ። ጎረቤቱ ምንይችል ኮፍያውን አውልቆ «የአንተ ያለህ!» አለ። ዕድሜ ልካቸውን ሲረግጡት የኖሩት ድንጋይ ነው።

ኑርዬ እንባውን እየጠረገ ወረደ። መሪማ ጤና ኬላው ደጅ አምፖሉ ሥር ቆማለች።

«ፀሐይ ጠልቃ የለም እንዴ? ይኸ ከየት መጣ?»

«የቀትሯ ናት። ዐለቱ አቆይቷት ነው።»

መሪማ እጆቿን ብርሃኑ ላይ አገላበጠች።

«ማታ ያዋለድኩትን ልጅ ፊቱን ለይቼ የማየው ሲነጋ ነበር» አለች። «እንግዲህ እንደመጣ ላየው ነው።»